ላፕቶፑ ሲደርቅ፦ ወደ ጥገና ቤት ከመሄድዎ በፊት

ላፕቶፕ ኮምፒዩተር የቢሮ ዕቃ ብቻ መሆኑ ከቀረ ሰንብቷል። በየካ ክፍለ ከተማ ከቀበና እስከ ኮተቤ፣ ከሾላ ገበያ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባሉት መንደሮች በአያሌ ቤቶች አንድ ላፕቶፕ ለመላው ቤተሰብ ያገለግላል። እናት በቀን ያልጨረሰችውን የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ማታ ትጨርስበታለች፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ልጅ የመመረቂያ ጽሑፉን ይጽፍበታል፤ ታናሽ እህቱ ትምህርቷን ትከታተልበታለች፤ እሑድ ደግሞ ውጭ አገር ያለች አክስት በምስል ትጠየቅበታለች።

ይህ ልማድ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ዐቅሙ የነበራቸው ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በቤት ውስጥ በኮምፒዩተርና በስልክ ማስተማር ጀመሩ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ተሰጠ። በዚያው ክረምት የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም የሚሰጠው በኢንተርኔት አማካይነት ነው። በሌላ በኩል በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ዋጋ ከፍ በማለቱ፣ አዲስ ላፕቶፕ መግዛት ለደመወዝተኛ ቤተሰብ ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ ይህ የቤተሰብ መሣሪያ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሪፖርቱ ሊያልቅ ሁለት ገጽ ሲቀረው፣ ምስሉ ባለበት ደርቆ ቢቀር ምን ይደረጋል? የከተማችን ሰው «ሃንግ አደረገ» የሚለው ይህንኑ ነው። ወይም ደግሞ ማንም ሳይነካው በራሱ ጠፍቶ በራሱ ይነሣል። በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን ከሁለት አንዱን እንላለን፤ «ተቃጥሏልና ሌላ ይገዛ» ወይም «ፎርማት ይደረግ»። የመጀመሪያው ገንዘብ ያስወጣል። ሁለተኛው የልጅን የአንድ ዓመት ድካም ወይም የቤተሰብን ፎቶግራፍ ጠርጎ ሊያጠፋ ይችላል። ከሁለቱም በፊት ግን በቤት ውስጥ፣ ያለ ምንም ወጪ፣ የሕመሙን ምክንያት መፈለግ ይቻላል። ለዚህ የኮምፒዩተር ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ትዕግሥትና አንድ ደብተር ይበቃል።

ከሁሉ አስቀድሞ ጽሑፉን ያድኑ

የሚደርቅ ላፕቶፕ ገና እየሠራ ያለ ላፕቶፕ ነው። ነገ ላይነሣ ይችላልና ዛሬ በተነሣበት ሰዓት የመጀመሪያው ሥራዎ ምክንያቱን መመርመር ሳይሆን በውስጡ ያለውን መገልበጥ ይሁን። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የመሥሪያ ቤት ሰነድ፣ የሕፃናቱ ፎቶግራፍ፣ የትምህርት ማስረጃ ቅጂ፤ እነዚህን በፍላሽ ዲስክ ወይም በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ። ፍላሽ ዲስክ ይጠፋል፣ ይበላሻልም፤ ስለሆነም እጅግ አስፈላጊ የሆነውን ጽሑፍ ለራስዎ በኢሜይል ይላኩት። በዚህ መሠረት አንዱ ቅጂ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል።

ልጅዎ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ ከሆነ በየሳምንቱ ዓርብ ማታ «ልጄ፣ ጽሑፍህን ገለበጥህ?» ብሎ መጠየቅ ከእናት የሚጠበቅ እንክብካቤ ነው። ፋይሉንም በየጊዜው ቀኑን በስሙ ላይ እየጻፈ ቢያስቀምጠው፣ አንዱ ቢበላሽ ያለፈው ሳምንት ቅጂ ይገኛል።

በደረቀበት ሰዓት ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይታገሡ። ላፕቶፑ በብዙ ሥራ ተጠምዶ ሊሆን ይችላል። በዚህ መሐል ቁልፎቹን ደጋግሞ መምታት ሥራውን ያበዛበታል እንጂ አያፋጥነውም። ከዚህ በኋላ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ሦስት ቁልፎች በአንድነት ይጫኑ። ታስክ ማናጀር የተባለው ሰሌዳ ይከፈታል። በዚያ ላይ «አልመልስም» ያለውን ፕሮግራም መርጠው «ኤንድ ታስክ» ቢሉ እርሱ ብቻ ይዘጋል፤ የቀረው ሥራ ይተርፋል። ምስሉ ብቻ የደረቀ ከመሰለዎት ደግሞ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከኮንትሮል፣ ከሺፍትና ከ«ቢ» ፊደል ጋር በአንድነት ይጫኑ፤ ይህ የምስሉን ክፍል እንደገና ያስነሣዋል፣ የከፈቱትን ጽሑፍም አያጠፋም።

ይህ ሁሉ ካልሠራ የማብሪያውን ቁልፍ እስከ አሥር ሰኮንድ ተጭነው ያጥፉት። ይሁን እንጂ ይህ የመጨረሻው እርምጃ ነው። እየጻፈ ያለን ዲስክ በድንገት ማጥፋት የሚጻፈውን ፋይል ሊያበላሸው ይችላልና ዘወትር የሚደረግ አይደለም።

ሰማያዊ ገጽ መጥቶ «ችግር ገጥሞኛል» ቢልዎ አይደንግጡ። በግርጌው ያለውን ቃል ወይም ቁጥር በስልክዎ ፎቶግራፍ ያንሡት፤ ለባለሙያው ጥሩ ፍንጭ ነው። ሰማያዊ ገጽ ሁልጊዜ የመሣሪያው በሽታ ምልክት አይደለም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለ የኮምፒዩተር ደኅንነት ድርጅት ባሠራጨው የተሳሳተ ማሻሻያ ምክንያት በዓለም ዙሪያ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮች በአንድ ቀን ሰማያዊ ገጽ አሳይተው ቆመዋል። የአየር መንገዶች፣ የባንኮችና የሆስፒታሎች ሥራ ተስተጓጉሎ ነበር። መሣሪያዎቹ ግን ደኅና ነበሩ። እንግዲህ የእርስዎም ላፕቶፕ መድረቅ የጀመረው አዲስ ፕሮግራም ከጫኑ ወይም አዲስ ማሻሻያ ከገባ በኋላ ከሆነ፣ ከሌላው ሁሉ በፊት ያንኑ አዲስ ነገር አስወግደው ይመልከቱ።

ደብተር ይያዙ

ሐኪም በሽተኛን «መቼ ጀመረዎት? ምን በልተው ነበር?» ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉ ላፕቶፕም ይጠየቃል። በአንድ ትንሽ ደብተር ላይ ለአንድ ሳምንት የሚከተሉትን ይመዝግቡ፤ የደረቀበትን ቀንና ሰዓት፣ ከተከፈተ ስንት ደቂቃ እንደሆነው፣ ምን ምን ፕሮግራም ተከፍቶ እንደነበር፣ ቻርጀሩ መሰካቱን ወይም አለመሰካቱን፣ ግርጌው መሞቁን፣ በጠረጴዛ ወይም በአልጋ ላይ መቀመጡን፣ የተለየ ድምፅ መሰማቱን። በአብዛኛው ከአራትና ከአምስት ምዝገባ በኋላ ምክንያቱ ራሱን ማሳየት ይጀምራል።

ይህ ዘዴ ከኮምፒዩተር ታሪክ ጋር የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 በአሜሪካ አገር በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ ሁለት የተባለ ግዙፍ ኮምፒዩተር ሥራ አስቸገረ። ሠራተኞቹ ክፍል በክፍል ሲፈልጉ በአንዱ ማገናኛ ውስጥ የተጣበቀ የእሳት ራት አገኙ። አውጥተው በዕለቱ መዝገብ ላይ ለጠፉት፤ መዝገቡም ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል። ከቡድኑ አባላት አንዷ፣ ታሪኩንም ለዓለም ያስተዋወቀችው፣ ታዋቂዋ የኮምፒዩተር ሊቅ ግሬስ ሆፐር ነበረች።

ዊንዶውስ ራሱም ደብተር ይይዛል። በመፈለጊያው ሣጥን ውስጥ «ሪላያቢሊቲ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ቢጽፉ የየቀኑን ጤንነት የሚያሳይ ሰንጠረዥ ይከፈታል። ቀይ ምልክት ያለበትን ቀን ከራስዎ ደብተር ጋር ያስተያዩ።

አንደኛው ምክንያት፦ ሙቀትና አቧራ

ደብተርዎ «ከተከፈተ ከሃያ ወይም ከሠላሳ ደቂቃ በኋላ» የሚል ነገር ከደጋገመ፣ ፋን የምንለው ማራገቢያም የሚጮኽ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሙቀት ነው። የላፕቶፕ አእምሮ የሆነው ፕሮሰሰር ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ሥራውን ያዘገያል፤ ያም ካልበቃው ጨርሶ ይጠፋል። ስለዚህ በራሱ የጠፋው ላፕቶፕ ተቃጥሎ ሳይሆን እንዳይቃጠል ብሎ ሊሆን ይችላል።

በእኛ ከተማ ይህ ጉዳይ ተጨማሪ ምክንያት አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ የየካ መንደሮች ደግሞ ወደ እንጦጦ ሽቅብ የሚወጡ ናቸው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚያስወጣው ሙቀት ይቀንሳል። በርካታ አምራቾች ላፕቶፖቻቸው እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ እንዲሠሩ የተዘጋጁ መሆናቸውን በመግለጫቸው ይጽፋሉ፤ የእንጦጦ ተራራ አናት ከዚህ ይበልጣል። ይህም ማለት ላፕቶፕ በየካ አይሠራም ማለት አይደለም፤ የአየሩ ብርድም ያግዘዋል። ነገር ግን ማራገቢያው በሙሉ ዐቅሙ መሥራት ያለበት ስለሆነ፣ በቆላ ከተማ የማያስቸግር አቧራ በእኛ ዘንድ ቶሎ ያስቸግራል።

አቧራ ደግሞ አላጣንም። የመንገድና የሕንፃ ሥራ ባለበት ሁሉ በበጋ ወራት በመስኮት ይገባል። ከዚህም ሌላ የጋቢና የብርድ ልብስ ብናኝ፣ የከሰል አመድና የዕጣን ጢስ በላፕቶፑ የአየር ቀዳዳዎች ውስጥ ይከማቻሉ። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ የምትኖር አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ጎረቤቴ በወር መጨረሻ ላፕቶፗ በየሃያ ደቂቃው እየጠፋ አስቸገራት። አንድ ጥገና ቤት «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዢ» አላት። ሌላ ባለሙያ ሲከፍተው ግን በማራገቢያውና በማቀዝቀዣው መካከል እንደ ጥጥ የተነባበረ ብናኝ ተገኘ። ተጠርጎ፣ ቴርማል ፔስት የሚባለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባትም ተለውጦ፣ ላፕቶፑ ዛሬም ይሠራል።

በቤትዎ የሚከተለውን ፈተና ያድርጉ። ላፕቶፑን በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አድርገው የኋላውን ጫፍ በሁለት መጻሕፍት ከፍ ያድርጉትና፣ ቀዳዳዎቹ እንዳይደፈኑ ተጠንቅቀው ለአንድ ሰዓት ይሥሩበት። መድረቁ ከቀረ ወይም ከዘገየ ምክንያቱ ሙቀት ነው። እንግዲያውስ ከአልጋ፣ ከሶፋና ከጋቢ ላይ ያንሡት። ቡና በሚፈላበት ስፍራ አጠገብም አያስቀምጡት፤ ጢሱ ብቻ ሳይሆን ስኳር ያለበት አንድ ሲኒ ቡና በቁልፎቹ ላይ ቢፈስ ጉዳቱ የከፋ ነው።

ቀዳዳዎቹን ለማጽዳት ላፕቶፑን አጥፍተው ቻርጀሩን ይንቀሉ። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽና በእጅ የሚጨመቅ የአየር መንፊያ ይጠቀሙ። በአፍ መንፋት እርጥበት ያስገባል፤ የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽንም የማይታይ ኤሌክትሪክ ስለሚፈጥር አይመከርም። ውስጡን መክፈትና ቅባቱን መለወጥ ግን ለባለሙያ የሚተው ሥራ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት፦ የጠበበ ጠረጴዛና የሞላ ቁም ሣጥን

ላፕቶፕ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ አለው። አንደኛው ራም ሲሆን በሥራ ላይ ያለው ነገር የሚዘረጋበት ጠረጴዛ ነው። ሁለተኛው ዲስክ ሲሆን ሁሉም ነገር ተጣጥፎ የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ነው። ጠረጴዛው ሲጠብ ላፕቶፑ ዕቃውን ወደ ቁም ሣጥኑ እያመላለሰ ይሠራል፤ በዚህ ጊዜ ይዘገያል፣ ይደርቃልም። 4 ጊጋ ባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ሃያ የኢንተርኔት ገጽ፣ አንድ የምስል ስብሰባና አንድ ትልቅ የኤክሴል ሰንጠረዥ በአንድነት ቢጫንበት መድረቁ የሚያስገርም አይደለም።

ለማረጋገጥ ታስክ ማናጀርን ከፍተው «ሜሞሪ» በሚለው ሥር ያለውን መቶኛ ይመልከቱ። በምትደርቅበት ሰዓት ገደማ ቁጥሩ ከ90 በላይ ከሆነ ጠረጴዛው ጠብቧል ማለት ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ የማይፈልጉትን ገጽ ይዝጉ፤ በዚያው ሰሌዳ «ስታርትአፕ» በሚለው ሥር ላፕቶፑ ሲነሣ በራሳቸው የሚነሡትን አላስፈላጊ ፕሮግራሞች ያስቁሙ። ሞዴሉ የሚፈቅድ ከሆነ ራም ማስጨመር አዲስ ላፕቶፕ ከመግዛት እጅግ የረከሰ ነው። ቁም ሣጥኑም ቢሆን ጢም ብሎ መሙላት የለበትም፤ ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ባዶ ቢሆን ይመረጣል። የልጆቹን ፊልምና የቆየውን የሠርግ ቪዲዮ ወደ ውጭ ዲስክ ያዛውሩ።

ቫይረስም እዚህ ላይ ይነሣል። ፍላሽ ዲስክ ከጽሕፈትና ከፎቶ ኮፒ ቤት ሲመለስ ፋይሎቹ ተሰውረው በምትካቸው ባዶ ምልክት ብቻ የሚያሳየውን ቫይረስ ብዙ አንባብያን ያውቁታል። ከውጭ የመጣ ፍላሽ ከመከፈቱ በፊት ይመርመር። ለዚህም ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር፣ እየታደሰ ከሄደ፣ ለቤት ሥራ ይበቃል። ሁለት የቫይረስ መከላከያ በአንድ ላፕቶፕ ላይ መጫን ግን አንዱ ሌላውን ስለሚያደናቅፍ ራሱ የመድረቅ ምክንያት ይሆናል። «ክራክ» ተብሎ በነፃ የሚታደለው ፕሮግራምም ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ይመጣል።

ሦስተኛው ምክንያት፦ የታመመ ዲስክ

ላፕቶፑ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ፣ ገና ሲነሣ የሚደርቅ ከሆነ፣ አንድ ፋይል ለመክፈት ደቂቃዎች የሚፈጅበት ከሆነ፣ ፋይሎችም «ተበላሽተዋል» የሚል ማስታወቂያ ከመጣ፣ ዲስኩን ይጠርጥሩ። የቀድሞው ዓይነት ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሰሌዳ አለው፤ አንባቢው መርፌ ከሰሌዳው ጋር ሳይነካካ በስስ አየር ላይ ተንሳፎ ይሠራል። ስለዚህም ላፕቶፑ እየሠራ ሳለ መውደቁ ወይም በታክሲ ውስጥ መንገጫገጩ ይጎዳዋል።

ከውስጡ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ምንም ዓይነት ምርመራና ጥገና አይጀምሩ። በጣም አስፈላጊውን ፋይል ብቻ አስቀድመው ይገልብጡና ያጥፉት። በየጊዜው እያስነሡ መሞከር የቀረውን ዕድሜ ያሳጥረዋል። ድምፅ ከሌለ ግን፣ ቅጂውን ካወጡ በኋላ፣ የዲስኩን ምልክት በቀኝ የመዳፊት ቁልፍ ተጭነው «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ቱልስ»፣ ቀጥሎም «ቼክ» በሚለው ማስመርመር ይችላሉ። ራሙንም ለማስመርመር በመፈለጊያው ሣጥን «ሜሞሪ ዲያግኖስቲክ» ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ፤ ላፕቶፑ ጠፍቶ ሲነሣ ምርመራው በራሱ ይካሄዳል።

የታመመ ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ሊተካ ይችላል። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ መንገጫገጭን ይበልጥ ይችላል፤ ፍጥነቱም ብዙ እጥፍ ነው። «አርጅቷል» ተብሎ የተተወ ላፕቶፕ ዲስኩ ብቻ በኤስኤስዲ ተለውጦ ሌሎች ዓመታት ሲያገለግል ማየት የተለመደ ነው።

አራተኛው ምክንያት፦ መብራት፣ ባትሪና ምጣድ

ደብተርዎ «እንጀራ ሲጋገር» ወይም «መብራት ጠፍቶ ሲመጣ» የሚል ከሆነ ነገሩ ከኤሌክትሪኩ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይወስዳል። አንድ የላፕቶፕ ቻርጀር ግን አብዛኛውን ጊዜ 65 ዋት ገደማ ነው። አንድ ምጣድ ሃምሳ ያህል ላፕቶፕ የሚያክል ኃይል ይስባል ማለት ነው። ሁለቱ በአንድ ማከፋፈያ ገመድ ላይ ከተሰኩ ምጣዱ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ኮረንቲው ከፍና ዝቅ ይላል፤ ገመዱም ይሞቃል፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ምጣድ የራሱ መስመር ይኑረው።

ቻርጀሩ ራሱ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚቀበል በጀርባው ተጽፎ ያገኙታል። ስለዚህ መጠነኛ የቮልት መውረድ ብዙም አይጎዳውም። የሚጎዳው መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚከሠተው ድንገተኛ ከፍታ ነው። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ከተመለሰም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይሰኩት። ባትሪው ጤናማ ከሆነ ሥራዎ አይቋረጥም። ባትሪው ከሞተ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ላፕቶፑ በድንገት ስለሚጠፋ ፋይሎችና ዊንዶውሱ ራሱ ይበላሻሉ፤ ይህም ቆይቶ የመድረቅ ምክንያት ይሆናል።

ፈተናው እነሆ፤ አንድ ቀን በባትሪ ብቻ፣ ሌላ ቀን በቻርጀር ይሥሩ። በአንዱ ብቻ የሚደርቅ ከሆነ ጥፋቱ በዚያው በኩል ነው። ሌላ ቻርጀር ሲገዙም ቮልቱና ዋቱ ከቀድሞው ጋር መስማማቱን ያረጋግጡ። ቁልፎቹ ያሉበት ገጽ ወደ ላይ ካበጠ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ወዲያውኑ አጥፍተው፣ ከልጆች አርቀው፣ ሳይወጉትና ሳይጫኑት ባለሙያ ያስወጣው።

ወደ ጥገና ቤት ሲሄዱ

ይህን ሁሉ አድርገው ካልተሻለው ወደ ባለሙያ ይሂዱ። በመገናኛና በአካባቢው ቅን ጠጋኞች ሞልተዋል፤ በደብተር ከተመዘገበ ምልክት ጋር የመጣን ደንበኛም ያከብራሉ። ነገር ግን ላፕቶፕ እንደ ተበላሸ ጫማ ተሰጥቶ የሚኬድ ዕቃ አይደለም። በውስጡ ፎቶግራፍዎ፣ ደብዳቤዎ፣ የልጆችዎ ምስል፣ የመሥሪያ ቤትዎ ምሥጢርና ተከፍተው የተተዉ የኢሜይልና የማኅበራዊ መገናኛ መግቢያዎች አሉ። የአንዲት ሴት የግል ፎቶግራፍ ከእጇ ወጥቶ ሲሠራጭ የሚደርስባት ጉዳት በምንም ካሣ አይጠገንም።

ስለዚህ ላፕቶፑ የሚነሣ ከሆነ ከመስጠትዎ በፊት የግል ነገሮችን ገልብጠው ያጥፉ፤ ከኢሜይልና ከቴሌግራም ይውጡ። የማይነሣ ከሆነ ደግሞ በሌላ መሣሪያ ገብተው የይለፍ ቃልዎን ይለውጡ። ጥፋቱ በዲስኩ ካልሆነ «ዲስኩ ይውጣልኝ» ብሎ ይዞ መመለስም ይቻላል። ከተቻለ ፊት ለፊትዎ ይከፈት። የላፕቶፑን ተከታታይ ቁጥር፣ የራሙንና የዲስኩን መጠን ጽፈው ይያዙ፤ ሲረከቡም ያመሳክሩ። የተለወጠው አሮጌ ዕቃ እንዲመለስልዎ ይጠይቁ። ዋጋውም በወረቀት ይስፈር። ሲነጋገሩም «ወንድሜ፣ እኔ ሳልፈቅድ ፎርማት እንዳይደረግ» ብለው በግልጽ ያስታውቁ።

ሕጉም ከእርስዎ ጋር ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሌላን ሰው ኮምፒዩተርና መረጃ መድረስን በወንጀል ያስቀጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የግለሰብን መረጃ የሚጠብቅ ነው። ያም ሆኖ ከክስ ይልቅ ጥንቃቄ ይቀድማል።

ማደስ ወይስ መለወጥ?

ያረጀ ላፕቶፕ ያላችሁ አንባብያን አንድ ነገር ማወቅ ይገባችኋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። መሣሪያው ከዚያ በኋላም መሥራቱን አላቆመም፤ ሆኖም የደኅንነት ማሻሻያው እንደ ቀድሞው ስለማይመጣ ለቫይረስ ይበልጥ ይጋለጣል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት ራም፣ 64 ጊጋ ባይት ዲስክና ቲፒኤም የተባለ የደኅንነት ክፍል ስለሚፈልግ ሁሉም አሮጌ ላፕቶፕ አይቀበለውም። ላልተቀበለው ላፕቶፕ ሊኑክስ የተባለው ያለ ክፍያ የሚገኝ ሥርዓት ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ያገለግላል። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛም ሰው ዊንዶውስ 11 መቀበሉን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ከመክፈሉም በፊት ቢያንስ አንድ ሰዓት አስከፍቶ፣ ያለ ቻርጀርም አሠርቶ፣ ሙቀቱንና ድምፁን ያዳምጥ።

በመጨረሻም ውድ አንባብያን፣ ከዚህ ሁሉ ምክር መካከል አንዱን ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ የመጀመሪያው ይሁን። ማራገቢያ ይጠረጋል፣ ራም ይጨመራል፣ ዲስክ ይለወጣል፣ ባትሪ ይገዛል። ያልተገለበጠ ጽሑፍና የጠፋ የልጅ ፎቶግራፍ ግን በገበያ አይገኝም። ዛሬ ማታ እራት ከተነሣ በኋላ ልጆቹን ሰብስባችሁ፣ ላፕቶፑ በደኅና ሳለ፣ ያለውን ሁሉ ገልብጡ።